የተሰፋው ቋንጃ

በሬ አልወድም። የእንስሳት ሐኪም ሆና እንዲህ ትላለች ብላችሁ አትታዘቡኝ። ላም ታሳዝነኛለች፣ ፍየል ታስቀኛለች፤ በሬ ግን የጫኑበትን ሁሉ ዝም ብሎ ስለሚችል ያናድደኛል። ይሁንና በሕይወቴ ትልቁን ነገር ያስተማረኝ አንድ በሬ ነው። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ስለነበረ ቡሬ ይሉታል።

ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ተወልጄ ያደግሁትም እዚያው ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም፤ እውቀቴ ትኩስ፣ ምላሴም ስለታም ነበር። እናቴ "ሰዓዳ፣ አንቺን የሚያገባሽ ሰው ትከሻው የበሬ መሆን አለበት" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር እኮራበት ነበር፤ ያየሁትን እናገራለሁ፣ ያላየሁትን አልናገርም። ሰውም በዚህ ያውቀኛል ብዬ አምን ነበር።

ቡሬ ጌታው አንድ፣ የሚያርስበት ሌላ ነው። ጌታው ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ፤ ደሴ ውስጥ ጨርቅ እየነገዱ ያረጁ፣ ደረታቸው የሚያፍናቸው ሽማግሌ ናቸው። በሬውን የሚያኖሩት ደግሞ የቦሩ ሜዳው ገበሬ አያ ሞላ ናቸው። በእኛ አገር ይህ የተለመደ ነው፤ ከተሜው በሬውን ለገበሬ ይሰጣል፣ ገበሬው እየቀለበ ያርስበታል። አያ ሞላ የራሳቸው አንድ በሬ አላቸው። እሱን ከቡሬ ጋር ሲጠምዱት ገበሬ ናቸው። ቡሬ ከሌለ ግን በሬ ለማኝ ናቸው፤ በአንድ በሬ የሚታረስ መሬት የለምና።

የሐጂ ልጅ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ ከቤት ወጥቶ ድምፁ ጠፋ። ሐጂ ለሰው ለቅሶ ቦሩ ሜዳ በሄዱበት ቀን በአያ ሞላ ደጅ የቆመውን ቡሬን ጀርባውን ይዘው "ልጄ በሕይወት ቢመለስልኝ ይህ በሬ የአላህ ነው፤ ለአረፋ ይታረዳል" ብለው ተሳሉ። ልጁ ተመለሰ። አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ ግማሽ ፊቱ ጠባሳ ሆኖ፣ ግን ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ ተባለ፤ ቡሬም በዚያው የአላህ ሆነ።

ችግሩ ልጁ በመጣበት ሰሞን አያ ሞላ የበልጉን ማሳ ሲያርሱ ቡሬ ደንብሮ ወደ ኋላ አፈገፈገና የማረሻው ጫፍ የኋላ እግሩን ቋንጃ ቆረጠው። ቋንጃው የተቆረጠ በሬ ለሥጋ ነው፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሼሁም ቢሆኑ ለሐጂ "የተሳሉት እሱን ራሱን ነው፤ እንዳለ ቢያርዱት ይሆንልዎታል" ብለዋቸው ነበር። ሐጂ ግን እምቢ አሉ።

"ልጄን ሙሉውን ነው የለመንኩት" አሉኝ ክሊኒክ መጥተው። "አላህ በሕይወት ሲሰጠኝ እኔ ሽባ በሬ ላቀርብ ነው? አድኚልኝና ደህና ሆኖ ይታረድ።"

"ሐጂ፣ እንዲታረድ ብዬ ነው የማድነው?"

"አዎ ልጄ። አብሽሪ፣ አንቺ አድኚው፤ የቀረው የኔ ነው።"

ቋንጃው ሙሉ በሙሉ አልተበጠሰም ነበር። ቡሬን ገመድ ጠልፈን ጣልነው፣ አደነዘዝኩት፣ የተቆረጠውን ጅማት ጫፍና ጫፍ አገናኝቼ ሰፋሁት፤ ከዚያ እግሩን በጀሶ አሠርኩት። አያ ሞላና ባለቤታቸው ዘነቡ እንደ አራስ ጠበቁት። ሣር አጭደው አፉ ድረስ ያቀርቡለታል፣ ውሃ በባልዲ ያጠጡታል። ወራት አለፉ፣ ጀሶው ተፈታ፣ ቡሬም መቆም ጀመረ፣ ቀጥሎ መራመድ ጀመረ። ሥራዬን እወድ ስለነበር በየጊዜው እየሄድኩ አየው ነበር።

ቀጥሎ የሚሆነው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ደህና ጅማት ነጭ ነው፤ ደም ሥር እምብዛም የለውም። ሲቆረጥና ሲሰፋ ግን ሰውነት ቀጫጭን አዳዲስ ደም ሥሮች ወደ ስፌቱ ይልካል። ገበሬ ወደ ደረቀ ማሳ ትንንሽ ቦይ እንደሚቀድ ማለት ነው። በእነዚያ ቦዮች በኩል መጠገኛው ይገባል። በዚህ ጊዜ ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲያዩት የሞላና የጠነከረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ለጋ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቦዮቹ ይደርቃሉ፣ ጅማቱ ይነጣል፣ ይጠነክራል። ይህ እንደ ቡሬ ባለ ግዙፍ ከብት ላይ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሳያነክስ የሚሄድ በሬ ሁሉ የዳነ በሬ አይደለም።

ሰኔ ገባ፣ አረፋ ተቃረበ። ሐጂ ደወሉልኝ።

"ነገ ቦሩ ሜዳ እንገናኝ። ድኗል ካልሽ ይታረዳል፤ ገና ነው ካልሽ ይቆያል። እኔ ያንቺን ቃል ነው የምይዘው።"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ሞላ ዶሮ ታቅፈው ክሊኒኩ በር ላይ ብቅ አሉ። ከቦሩ ሜዳ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እየቀያየሩ፣ ያችን ዶሮ ታቅፈው መምጣታቸው ነው።

"ዶሮዋ ታማ ነው?" አልኳቸው።

"አይ፣ ዶሮዋስ ደህና ናት። ያንቺ ናት።"

"እኔ ዶሮ አላዘዝኩም አያ ሞላ።"

መድኃኒት የምትሸጥልን ልጅ ባንኮኒው ጀርባ ሆና ጆሮዋን አቁማለች። አያ ሞላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ነገ ሐጂ ሲጠይቁሽ ገና ነው፣ አልዳነም በይልኝ።"

"ያነክሳል እንዴ?"

"ምን ያነክሳል! እንደ ሙሽራ ነው የሚራመድ። እሱ አይደል ጉዴ።"

"ታዲያ ሐጂን ራሳቸውን ለምን አይለምኗቸውም?"

"ምን ብዬ?" አሉ ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ። "ልጃቸውን አምላክ መልሶላቸው፣ 'ለአምላክ የሰጡትን ለኔ ይተዉልኝ' ልበል? አፌስ እንዴት ይላወሳል? ግን ደግሞ ክረምቱ ገባ፤ ገብሴን ካልዘራሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ? በልጉ የሰው በሬ እየለመንኩ አለፈኝ። አሁን ማን ይሰጠኛል? ሁሉም እያረሰ ነው።"

አዘንኩላቸው፤ ደግሞም ተናደድኩ። ሰው ዶሮ ታቅፎ መጥቶ ዋሽልኝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

"ስሙኝ አያ ሞላ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ከዳነ ድኗል እላለሁ፣ ካልዳነ አልዳነም እላለሁ። ዶሮዋን ይዘው ይሂዱ።"

አያ ሞላ ወደ መድኃኒት ሻጯ ልጅ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

"ገባኝ ዶክተር" አሉ። "በሰው ፊት ነውር ነው። ገባኝ።"

ዶሮዋን መልሰው ታቀፉና እየሳቁ ወጡ። እኔ የገባቸው የተናገርኩት ነገር መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቦሩ ሜዳ ስደርስ ሐጂ ቀድመውኝ አያ ሞላ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቡሬ ወጣ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በሬ የማልወደው ሴትዮ ልቤ ዘለለ። ሜዳውን ዞረ፣ ዳገቷን ወጣ፣ ወረደ፤ አንድም ጊዜ አላነከሰም። ያንን እግር እኔ ነኝ የሰፋሁት!

"ማሻአላህ!" አሉ ሐጂ ተነሥተው። "ሸጋ ሆኗል! ሸጋ!"

ዘነቡ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አያ ሞላ መሬት መሬት ያያሉ።

"ቆይ ሐጂ" አልኩና ጎንበስ ብዬ ቋንጃውን በእጄ ያዝኩት። ወፍሯል፤ ከሌላኛው እግሩም ይበልጥ ይሞቃል። ጠበቅ ሳደርገው ቡሬ እግሩን ነጠቀኝ። ላም ማርገዟን የምናይበትን በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ይዤ ሄጄ ነበር። ጸጉሩን ላጨሁ፣ ቅባቱን ቀባሁ፣ ማሽኑን አስጠጋሁ። የሚንቀሳቀስ ደም በቀለም ያሳያል። ስፌቱ ያለበት ቦታ በቀይና በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞልቶ ይርገበገባል። ደህናው እግሩ ላይ ሳስጠጋው ግን ምንም የለም፣ ጭር ያለ ነው።

"ይዩ ሐጂ፣ ይህ ሁሉ ደም ገና ጥገና ላይ ስለሆነ የሚመላለስ ነው። ላዩን ድኗል፣ ውስጡ አልዳነም። ገና ለጋ ነው።"

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ስለዚህ ጎዶሎ ነው?"

"ዛሬ ጎዶሎ ነው። ለሚመጣው ዓመት አረፋ ሙሉ ይሆናል።"

"እስከዚያ እኔ ካለሁ" አሉና ሳል ያዛቸው። ሳላቸው እስኪያልፍ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ከዚያ እጃቸውን ቡሬ ጀርባ ላይ አሳረፉ። "ይሁን። ያንቺ ቃል ነው። ኢንሻአላህ ለከርሞ።"

ወደ አያ ሞላ ዞርኩና ጣቴን ቀስሬ ተናገርኩ። ቀንበር የሚባል ነገር ጫንቃው ላይ እንዳያርፍ፤ ተዳፋት ላይ እንዳይሰማራ፤ ሜዳ ላይ ብቻ ይንቀሳቀስ። ከታረሰበት ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ሁለተኛ አልሰፋውም አልኩ። አያ ሞላ በእያንዳንዱ ቃል ላይ "እሺ፣ እሺ ዶክተር" እያሉ እስከ ወገባቸው ጎንበስ ይላሉ። ሐጂ መኪና ውስጥ ሲገቡ አያ ሞላ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት።

"ያችን ማሽንማ!" አሉኝ በሹክሹክታ። "ከየት አመጣሽልኝ?"

ሐጂ "ነይ እንጂ ልጄ፣ እንሂድ" አሉኝ። መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወርድ ያቺ ንግግራቸው ትዝ ብላኝ ፈገግ አልኩ። ገበሬ ማሽን ያያል፣ ይገረማል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አረፋ አለፈ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ እቤት እንግዳ እያስተናገድን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ዘነቡ ናት።

"ዶክተር፣ ቡሬ ወደቀብን! ድረሽልን፣ በአላህሽ!"

ምን እንደነካው ብጠይቃት ታለቅሳለች እንጂ አትመልስም። ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ሲያቃስት፣ ደሴ መናኸሪያ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ፣ እኔ ሆድ ነፍቶት ይሆናል፣ እባብ ነድፎት ይሆናል እያልኩ እደረድራለሁ። ቋንጃውን አላሰብኩትም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ነግሬያቸዋለኋ! ጣቴን ቀስሬ ነግሬያቸዋለሁ።

ከአያ ሞላ ቤት ጀርባ ያለው ተዳፋት ማሳ ግማሹ ታርሷል። አፈሩ ገና እርጥብ፣ ጥቁር ነው። ሌላኛው በሬ ቀንበሩ ወልቆለት ዳር ቆሞ ያመነዥካል። ቡሬ ትልሙ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ የኋላ እግሩ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል። አያ ሞላ መሬት ላይ ተቀምጠው ጭንቅላቱን ታቅፈውታል።

ጮህኩባቸው። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፈውም።

"አልነገርኩዎትም? ቀንበር እንዳይነካው አላልኩም? ይበጠሳል አላልኩም?"

"ብለሻል።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። ግራ የተጋባ ልጅ ነበር የሚመስሉት።

"ሐጂ እንዲሰሙት ብለሽ እኮ ነው ያልሽው።"

"ምን?"

"ለእኔ ብለሽ ዋሽተሽልኝ እኮ ነው። ደህና ነው በሬው። አይቼዋለሁ፣ ሲራመድ አይቼዋለሁ። አንቺ ግን አዘንሽልኝና… እግዜር ይስጥልኝ ብዬ… ማሽን ሁሉ ይዘሽ መጥተሽ…"

ዘነቡ ከኋላዬ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። "ከዚያ ቀን ጀምሮ ስላንቺ እየሰገደ ነው" አለችኝ። "የሰኔን ጾም ጠዋት ጠዋት እየተነሣ፣ 'ስለ እኔ የዋሸችውን ኃጢአቷን በእኔ አድርገው' እያለ ይሰግዳል።"

ትልሙ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ባልዋሸሁት ውሸት ጉልበቱን ሲጨርስ ከርሟል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሄዶ በሬውን ጠምዷል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመርሬ አላውቅም። ልምታቸው ወይስ ልቀፋቸው አላወቅሁም።

በዚያ መሐል ሐጂ ደወሉ። ወሬው ደሴ ደርሷል። አያ ሞላ የሐጂን ድምፅ ከስልኬ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አሉ ሐጂ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "አርሶበታል? የአላህን በሬ ጠምዶታል?"

ቀንበሩ ፊት ለፊቴ ወድቋል። ማረሻው አፈር እንደነከሰ ነው። እዚህ ላይ አዎ ብል አያ ሞላ ከሐጂ ጋር ያላቸው ነገር ሁሉ በዚያች ደቂቃ ያበቃል፤ የሌላ ሰው በሬም ደጃቸውን አይረግጥም።

"አላረሱበትም ሐጂ" አልኩ። "ሲግጥ ድንጋይ አንሸራቶት ነው። የፈራሁት ደርሶ ነው።"

"ያንቺ ቃል ካለ በቃ" አሉ ሐጂ። "የአላህ ውሳኔ ነው። ሳይሞት ይታረድና ሥጋው ለምስኪን ይሰጥ። እኔ ግን ስለቴን አላስገባሁም።" ስልኩን ዘጉት።

የሰፈሩ ሙስሊሞች መጥተው አረዱት። እነ አያ ሞላ ክርስቲያኖች ናቸውና ከዚያ ሥጋ አይቀምሱም። ለወራት ሣር አጭደው በእጃቸው ያጎረሱት በሬ ሲበለት ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ የኋላ እግሩን ለምኜ ወሰድኩና ቋንጃውን በቢላ ከፈትኩት። የኔ ስፌት አልተፈታም፤ የተበጠሰው ከስፌቱ አጠገብ ያለው አዲሱ ሥጋ ነው። ቀይ ነበር። የበቀለ ስንዴ ሥር የሚመስሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች በሁሉም በኩል ገብተውበት፣ ተጠላልፈውበት፣ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። የተናገርኩት አንዱም አልቀረም። ልክ መሆን እንዲህ እንደሚመር ማንም አልነገረኝም።

አያ ሞላ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"በማሽኑ ያሳየሽን ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ቅድም ለሐጂ ስትዋሺ ድምፅሽ ቀጠነ" አሉኝ። "ያን ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። ያን ቀን እንደ ሁልጊዜሽ ነበር የተናገርሽ። ምነው ያኔ ልብ ባልኩት!" አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ክረምቱ ሲወጣ ሐጂ አንድ ወይፈን ለአያ ሞላ ላኩላቸው። "በሬዬን ያለ ጥፋቱ ያጣ ሰው ነው፤ ዶክተሯ መስክራለች" ብለው ነው አሉ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። እውነቱን ስናገር በሬ ጠፋ፣ ውሸቱን ስናገር ወይፈን መጣ። ሐጂ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ "ቃሏ የማይታጠፍ ልጅ" ብለው ለሰው ያስተዋውቁኛል፤ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ። አያ ሞላ ግን ከዚያ በኋላ ወደ እኔ መጥተው አያውቁም። ከብት ሲታመምባቸው ዘነቡን ይልካሉ።

ብዙ ጊዜ ሞኝ ናቸው ብዬ ልንቃቸው ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ዕድሜ ልካቸውን እውነት በእሳቸው ላይ ስትፈርድ ነው የኖሩት። ዝናቡ ሲቀር እውነት ነበር፣ ማዳበሪያው አልደረሰም ሲባል እውነት ነበር፣ ልጁ ከትምህርት ይቅር ሲባል እውነት ነበር። ለእሳቸው የሚያዝን ሰው ማለት ያችን እውነት ትንሽ የሚያጣምምላቸው ሰው ነው። አንድ ቀን እውነት ራሷ በእሳቸው በኩል ስትቆም ከየት ይወቋት? እናንተም ዙሪያችሁን እዩ፤ መልካም ወሬ ስትነግሩት ዓይናችሁን የሚመረምር፣ "ይህችን ደግሞ ለምን ፈለገልኝ?" የሚል ሰው አታጡም።

እኔ አሁንም እዚያው ኮምቦልቻ ነኝ፤ ገበሬ በየቀኑ ይመጣል። ላሟ ትድናለች፣ ጥጃው ይተርፋል የሚል ነገር ካለኝ ፊቴን አኮሳትራለሁ፣ ድምፄን አወፍራለሁ፣ ደስ የሚለውን ነገር እንደ መርዶ እነግራቸዋለሁ። እንደዚያ ስል ያምኑኛል።